ሸንዲ፣ ካርቱም፣ መተማ፤ ስለ ገበያ መነሣትና መውደቅ

ለመምህራን የተነገረ



በታሪክ ክፍለ ጊዜ መተማ የሚለው ስም ሲነሣ ተማሪው ፈጥኖ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት ስፍራ ይላል። መልሱ ትክክል ነው፤ መምህሩም ምልክት ያደርግለታል። ካርቱምስ ቢሉት ነጭና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን የጎንደር ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ወደ ቆላው ይወርድ በነበረበት ዘመን፣ ለእርሱ መተማ የጦር ሜዳ አልነበረችም፤ ካርቱምም የካርታ ነጥብ አልነበረችም። ሁለቱም ገበያ ነበሩ። ገበያ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚወድቅ በእነዚህ ስፍራዎችና በመካከላቸው ባለው መንገድ ላይ ማሳየት የዚህ ንግግር አሳብ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ከሚጠራው በቀር የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

ገበያ ዝናም ሲመጣ ብቻውን እንደሚበቅል ሣር አይደለም። ተካይ አለው። በእንግሊዝ አገር በመካከለኛው ዘመን ገበያ ለማቆም የንጉሥ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የመንደሩ ባላባት ለንጉሡ ገንዘብ ከፍሎ በማኅተም የታተመ ደብዳቤ ይቀበላል፤ በደብዳቤው ላይ ገበያው የሚውልበት ቀን ተለይቶ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ የመደቡን ኪራይና የቀረጡን ገንዘብ የሚሰበስበው ባላባቱ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈውና በብራክተን ስም የሚጠራው የሕግ መጽሐፍ፣ አዲስ ገበያ ከነባሩ ገበያ 6 ማይል ከሁለት ሦስተኛ፣ ማለት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልራቀ ጎረቤትን ይጎዳል ይላል። ምክንያቱም ደስ የሚያሰኝ ነው። የአንድ ሰው የቀን መንገድ 20 ማይል ነው፤ ይህን በሦስት ቢከፍሉት አንዱ እጅ ጧት ለመሄጃ፣ አንዱ እጅ ለመሸጫና ለመግዣ፣ የቀረውም ሳይጨልምና ሽፍታ ሳይነሣ ወደ ቤት ለመመለሻ ይሆናል። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ በዚሁ ሕግ ኖሯል። ጎረቤታሞች የሆኑት ገበያዎች አንዱ ማክሰኞ፣ አንዱ ሐሙስ፣ አንዱ ቅዳሜ የሚውሉት እርስ በርሳቸው እንዳይጠፋፉ አይደለምን?

ከ1200 ጀምሮ ታላቁ ቸነፈር በ1348 እስከ ገባ ድረስ በእንግሊዝ አገር ከአንድ ሺሕ የሚበልጡ ገበያዎች ተፈቅደው ነበር። ቸነፈሩ የሕዝቡን ሢሶ ወይም ከዚያ የሚበልጠውን ፈጀ፤ ሻጩም ገዢውም አነሰ። ከመቶ ሃምሳ ዓመትና ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በቈጠሩት ጊዜ፣ ከአሮጌውም ከአዲሱም ተደምሮ በሥራ ላይ የነበረው የገበያ ከተማ 800 ያህል ብቻ ነበር። የተረፉት ታላቅ መንገድ የሚያልፍባቸው፣ ድልድይ ያላቸው፣ ወይም ከተማ የከበባቸው ናቸው። የቀሩት መንደሮች ግን የንጉሡ ደብዳቤ በሣጥናቸው እንዳለ ገበያቸው ጠፋባቸው።

ከእንግሊዝ መንደር ወደ ዓባይ ዳር ሲመጡ ነገሩ ይሰፋል። እዚህ የሚገናኘው ጧት ወጥቶ ማታ የሚገባ ገበሬ ብቻ ሳይሆን ወራት የተጓዘ ቅፍለት ነው። ካርቱም ከተማ ከመሆኗ በፊት የዚያ አገር ታላቅ ገበያ ሸንዲ ነበረች። ሸንዲ ዛሬ ካርቱም ካለችበት በስተሰሜን በዓባይ ዳር ስትሆን፣ ከግብጽ፣ ከቀይ ባሕር ወደብ ከሱዋኪን፣ ከኮርዶፋንና ከሰናር የሚመጡት መንገዶች ይገናኙባት ነበር። ሰናር ደግሞ ከ1504 እስከ 1821 የቆየው የፉንጅ መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ ከጎንደር የሚወርደውም መንገድ ወደ እርሷ ይደርሳል። ቡርክሃርት የተባለው የስዊስ ተጓዥ በ1814 ሸንዲ ገብቶ አንድ ወር ያህል ተቀመጠ። የሚሸጠውንና የሚለወጠውን እየዞረ አየ፤ ዋጋውንም ጻፈ። በሸንዲ ገበያ በየዓመቱ የሚሸጡት ባሮች ወደ 5,000 ይሆናሉ ብሎ ገምቷል።

ይህች ቍጥር የምትገኝበት ስፍራ መምህርን ቆም ሊያደርገው ይገባል። በብዙ መጽሐፍ የጥንቱ ንግድ ሲዘረዘር፣ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ ባሪያ ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። ተማሪውም በቃሉ ይዞት በፈተና ይጽፈዋል። ቡናና ሰም መካከል የተቀመጠው ግን እናቱን እየጠራ ቆላውን በእግሩ የወረደ ልጅ ነው። በሁለቱ አገሮች ጠረፍ የሚኖሩት የጉሙዝ ሰዎች ከደጋውም ከሱዳንም በኩል በሚመጡ ነጣቂዎች ሲታደኑ ኖረዋል፤ ከግቤ ወዲያ ከነበሩት አገሮች የተያዙትም ጎጃምንና ጎንደርን አቋርጠው ወደ መተማ ይወርዱ ነበር። የገበያውን ሀብት የሚያስተምር መምህር ይህን ትቶ ቢያልፍ፣ ያስተማረው ግማሹን ነው። በክፍሉ ውስጥ የሻጩም የተሸጠውም የልጅ ልጅ ተቀምጦ እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ወደ ሸንዲ እንመለስ። በ1821 የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን ያዘ። በሚከተለው ዓመት ልጁ ኢስማኢል ፓሻ ሸንዲ ደርሶ በገንዘብና በባሪያ ሊከፈል የማይቻል ግብር ጠየቀ፤ የአገሩንም ገዥ መክ ኒምርን አዋረደው። መክ ኒምር እሺ ብሎ ወጣ፤ ሌሊት ግን ፓሻው ያደረበት ቤት ዙሪያውን በእሳት ተያይዞ ኢስማኢል ከነጭፍሮቹ ተቃጠለ። የመሐመድ ዓሊ አማች ደፍተርዳሩ ለበቀል ወርዶ ሸንዲን አጠፋት፤ በወንዙ ማዶ ፊት ለፊቷ ያለችውንም መተማን እንዲሁ አጠፋት። (ይህች የዓባይ ዳር መተማ ከኢትዮጵያ ጠረፍ መተማ ሌላ ናት፤ በስማቸው አንድነት የተሳሳተ መጽሐፍ አይጠፋምና ልብ ማለት ይበጃል።) መክ ኒምር ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ሸሽቶ ከተከታዮቹ ጋራ በዚያው ኖረ። ሸንዲ ከዚያ ወዲያ የቀድሞ ክብሯን አላገኘችም። መንገዶቹ እንዳሉ ነበሩ፤ ሸቀጡም እንዳለ ነበረ፤ ነገር ግን ነጋዴው የሚያድርበት ቤትና የሚተማመንበት ዳኛ አልነበረም።

ሸንዲ የጣለችውን ያነሣችው ካርቱም ናት። ግብጾች ሲመጡ ካርቱም ከዓሣ አጥማጆችና ከጥቂት ገበሬዎች መንደር የምታልፍ አልነበረችም። በሁለቱ ወንዞች መገናኛ የጦር ሰፈር ተሠራባት፤ ከ1826 ጀምሮ አገሩን የገዛው ኹርሺድ ፓሻም የመንግሥት መቀመጫ አደረጋት፤ የጭቃውም ቤት በጡብ ይተካ ጀመር። መስጊድ፣ የጦር ሰፈር፣ የጀልባ መሥሪያ ተሠራ። ከ1839 እስከ 1842 የተላኩት መርከቦች ነጭ ዓባይን ወደ ደቡብ እየቀዘፉ ርቀው ከሄዱ በኋላ የዝሆን ጥርስ ንግድ ተከፈተ። መንግሥት ለራሱ ብቻ አድርጎት የነበረው ንግድ ለግል ነጋዴ ሲለቀቅ ግሪኩም፣ ሶርያዊውም፣ ግብጹም፣ ጣሊያኑም በካርቱም ተሰበሰበ። በየዓመቱ ነፋሱ በተመቸ ጊዜ ጀልባዎች የታጠቀ ሰው ጭነው ወደ ደቡብ ይሄዱ ነበር፤ ሲመለሱ ግን ጥርስ ብቻ ይዘው አልተመለሱም። በ1854 በካርቱም የነበረው ግልጽ የባሪያ ገበያ በአዋጅ ተዘጋ፤ ንግዱ ግን ከአደባባይ ወደ ጓሮ ገባ እንጂ አልቀረም። በ1862 ከተማዪቱን ያየው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ካርቱም የምትኖረው በዚሁ ንግድ ነው ብሎ ጽፏል። እንግሊዛዊው ስለ ሌላው ሲጽፍ ብዕሩ የሰላ መሆኑ ይታወቃል፤ በዚህ ግን ዋሸ ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለም።

አሁን የጎንደር ነጋዴ የሚወርድበትን መንገድ መከተል ነው። ከግቤ አገር የሚመጣው ሸቀጥ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ባሶ ገበያ ይገናኛል፤ ከዚያ ጣናን በስተምሥራቅ ዞሮ በደሪጣና በይፋግ በኩል ጎንደር ይገባል። በጎንደር እስላም ቤት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ጀበርቲዎች የሩቁን ንግድ ይዘውት ነበር። ከጎንደር በጭልጋና በወህኒ ተወርዶ መተማ ይደረሳል። በየኬላው ቀረጥ አለ፤ የኬላውና የነጋዴው ሹም ነጋድራስ ይባላል። መተማ ሲደርሱ በደጋው የለመደው አህያና በቅሎ ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ግመል ነው፤ በገዳሪፍ በኩል ወደ ካርቱምና ወደ ሱዋኪን ይሄዳል። መተማን ገበያ ያደረጋት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ደጋና ቆላ፣ በቅሎና ግመል የሚለዋወጡባት ስፍራ ናት። ደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ቆዳ፣ ወርቅና በቅሎ ያወርዳል፤ ከታች ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ሽቱና ጠገራ ብር ይወጣል። የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበትና 1780 የሚል ዘመን የተጻፈበት ጠገራ ብር በጎንደርም በካርቱምም አንድ ነበር። ሁለት መንግሥታት ሲጣሉ ገንዘባቸው አልተጣላም።

ሁለተኛው ምክንያት የሚያስገርም ነው። በመተማ የሰፈሩት ተክሩር የሚባሉ፣ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ በዚያ የቀሩ እስላሞች ናቸው። መሬቱን ያርሳሉ፤ ጥጥ ይዘራሉ፤ ገበያውን ይጠብቃሉ። የእነርሱ ሼኽ ለኢትዮጵያም ለግብጽም ግብር የሚገብርበት ዘመን ነበር። ይህን አንዳንዱ ጸሐፊ ሁለት ጌታ ማገልገል ነው ብሎ ይነቅፈዋል። ግን ለገበያ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ምን ነበረ? ሁለቱም ወገን ግብሩን እስኪያገኝ ድረስ ሁለቱም ወገን ገበያውን ማቃጠል አይጠቅመውም። መተማ የኖረችው በመካከል በመሆኗ ነው፤ የጠፋችውም መካከል የሚባለው ስፍራ በጠፋ ጊዜ ነው።

ያም ጊዜ መጣ። በጥር 26 ቀን 1885 ካርቱም በማህዲው ጦር እጅ ወደቀች፤ ጄኔራል ጎርደንም ተገደለ። ማህዲው በዚያው ዓመት ሲሞት ከሊፋ አብዱላሂ መንግሥቱን በማዶ በኦምዱርማን አጸና፤ በሚከተለው ዓመት የካርቱም ሰው ቤቱን ለቆ እንዲሻገር አዘዘ። የካርቱም በርና መስኮት፣ ጡብና እንጨት ወንዙን ተሻግሮ የኦምዱርማን ቤት ሆነ። እንግዲህ በአንድ ስድሳ ዓመት ውስጥ የዚያ አገር ታላቅ ገበያ ከሸንዲ ወደ ካርቱም፣ ከካርቱም ወደ ኦምዱርማን ሁለት ጊዜ ተነቀለና ተተከለ ማለት ነው።

በመተማ በኩል ግን ተነቅሎ የሚተከልበት ስፍራ አልተገኘም። በ1884 በዐድዋ በተፈረመው ውል መሠረት በጠረፉ ተከቦ የነበረው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ዐፄ ዮሐንስ ረዱ፤ ከማህዲዎች ጋራም ጠላትነቱ ጠነከረ። በጥር 1887 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መቱ፤ ከተማዪቱም ተዘረፈች። በጥር 1888 ሐምዳን አቡ አንጃ በሳር ውሃ ንጉሡን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ምርኮኛውን ወደ ኦምዱርማን ነዳው። ከምርኮኞቹም ብዙዎቹ በዚያ ተሸጡ። አባቶቻቸው በዚያ መንገድ ሰው ሲነዳ ያዩ ልጆች እነርሱ ራሳቸው በዚያው መንገድ ተነዱ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ድል በቀረበ ሰዓት ቆስለው ዐረፉ፤ ጦራቸው ተፈታ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ድል ያደረገው ወገን ግን ከድሉ ምን አገኘ? በሱዳን ያ ዘመን ሰነት ሲታ ይባላል፤ በእስላም አቈጣጠር የ1306 ዓመት ማለት ነው። በኢትዮጵያ ክፉ ቀን ይባላል። ስሙ ሁለት፣ ረኃቡ አንድ ነው። ከብቱ በበሽታ ባለቀበት፣ እህል በጠፋበት በዚያ ጊዜ፣ የተረፈው አገር ለጎደለው የሚያወርድበት የመተማ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ በገበያውም የሚነግድ ሰው አልነበረም። የገበያ መጥፋት ጉዳቱ የሚታየው በጥጋብ ዘመን ሳይሆን እንዲህ ባለው ቀን ነው። ጎንደርም ነጋዴዋ ተበትኖ ለብዙ ዘመን ተጎሳቁላ ቆየች።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሌላ ሆነ። በ1898 እንግሊዞችና ግብጾች ኦምዱርማንን ያዙ፤ ካርቱምንም እንደ ገና ሠሩ። የባቡር ሐዲድ በ1899 መጨረሻ ወደ ማዶዋ ወደ ሰሜን ካርቱም ደረሰ፤ በ1906 ከቀይ ባሕር ጋራ ተገናኘ። አዲስ ወደብ ፖርት ሱዳን ሲከፈት፣ ለብዙ መቶ ዓመት የሕንድን ሸቀጥ የተቀበለችው ሱዋኪን የዛጎል ድንጋይ ቤቶቿን ለነፋስ ለቃ ቀረች፤ እርሷን ማንም ጦር አላቃጠላትም፤ ታላላቁ መርከብ የሚገባበት ጥልቅ ወደብ ስላልነበራት ብቻ ነው። በኢትዮጵያም ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬ ዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የጎንደርና የመተማ መንገድ የጓሮ መንገድ ሆነ።

ከዚህ መካከል በእንግሊዝ ንጉሥ ደብዳቤ ከተተከለው ገበያ ጋራ እጅግ የሚመሳሰለው ጋምቤላ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1902 ከእንግሊዝ ጋራ በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ አጠገብ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን በኪራይ ተሰጠ። የኪራዩም ዘመን ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ተባለ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የተነሣው መርከብ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ ይመጣል፤ ከጎሬና ከሰዮ በበቅሎና በሰው ጫንቃ የወረደው ቡና ይጫናል። ወንዙ ሲጎድል መርከቡ ይቀራል፤ ገበያውም እስከ ክረምት ይተኛል። የእንግሊዝ መንደር ገበያ ቀን ነበረው፤ የጋምቤላ ገበያ ወቅት ነበረው። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ተናጋ፤ ከነጻነት በኋላም ቡናው በመኪና ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ወደብ መውጣት ጀመረ። በጥር 1956 ሱዳን ነጻ ስትወጣ በውሉ ላይ የተጻፈው ቃል ደረሰ፤ ጣቢያው በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የአገር መሬት ወደ አገር መመለሱ የሚያስደስት ነገር ነው፤ የጋምቤላ ወንዝ ዳር ግን እንደ ቀድሞው መርከብ አልተሰለፈበትም።

ንግዱ ቢደክምም ቃሉ ቀርቷል። በዓረብኛ ሱቅ ማለት ገበያ ነው፤ በአማርኛ ግን አንዱ የንግድ ቤት ብቻ ሆኗል። ታላቁ ገበያ መንገዱን ወጥቶ ደጋ ሲደርስ በአንድ ቤት ተጠቃለለ ማለት ነው። ጀበና ግን በሁለቱም አገር ጀበና ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በስደት ካርቱም የገቡት ኢትዮጵያውያን ሲበዙ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር እንጀራ ይጋገር፣ አማርኛ ይሰማ ጀመር፤ በከተማዪቱ ጎዳናም በዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ዘርግተው ሻይና ቡና ከሚሸጡት ሴቶች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ነበሩ። በጠረፉ በኩልም መተማ ከብዙ ዘመን በኋላ ነፍስ ዘራች። ከጎንደር የሚወርደው መንገድ አስፋልት ሆነ፤ የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ስሙ ተሰማ፤ በመተማ ዮሐንስና በማዶዋ በገላባት መካከል የጭነት መኪና ተሰለፈ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ቀኑ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ በማግሥቱ ፋሲካ ነው። እስላሞቹም የረመዳን ጾም ሊፈቱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ስለዚህ በከተማዪቱ ያለው ክርስቲያንም እስላምም ለበዓል የሚገበይበት ሳምንት ነበረ። የካርቱምና የኦምዱርማን ገበያዎች ተዘረፉ፤ ተቃጠሉ። ሰዉ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት ወረደ፤ ጠረፉንም ተሻግሮ መተማ ገባ፤ ሱዳናዊው ከኢትዮጵያዊው ጋራ። ግመልና በቅሎ ሸቀጥ ይለዋወጡበት በነበረው ስፍራ ሰው ብቻ አለፈ፤ ጭነት ግን አልነበረም። በጥር 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በኦምዱርማን በሳብሪን ገበያ ላይ በወደቀው ከባድ መሣሪያ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሊገበዩ የወጡ ነበሩ።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የካርቱምን መካከል መልሶ ከያዘ በኋላ አንዳንድ ነጋዴዎች ተመልሰው የተቃጠለውን ሱቃቸውን ይጠርጉ ጀመር። መብራት አልነበረም፤ ባንክ አልነበረም፤ ገዢውም ጥቂት ነበረ። የሚጠይቁት ግን በ1814 የሸንዲ ነጋዴ፣ በ1889 ደግሞ የጎንደር ጀበርቲ ይጠይቀው የነበረውን ነው፤ መንገዱ ተከፍቷል ወይ?